የቅርፊቱ ውሃ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ እንቅፋት አይምታሽ፤ የያዝሽው ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ክሮም የሚሉትን ኬሚካል ትቶ፣ አንቺ እንዳልሽው ቆዳውን በዛፍ ቅርፊት ማልፋት ከጀመረ ወዲህ ሳሉ ቀንሶለታል፤ እጁም አይቆስልም።

አንድ ነገር ግን አጥፍተናል። ከሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። አባትሽ የክሮሙን ውሃ መርዝ ነው ብሎ በበርሜል ሲያጠራቅም የኖረ ሰው፣ የቅርፊቱን ግን «የዛፍ ነገር ምን ይጎዳል» ብሎ ገንዳውን ሙሉ ወንዙ ውስጥ ደፋው። እኔም ባልዲ ይዤ አግዤዋለሁ። ወንዙ እንደ ሻይ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ሞተው ተንሳፈፉ። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን መጣና ባዶ መረቡን አጥራችን ላይ ሰቅሎ ሄደ።

አባትሽ መረቡን እስከ ዛሬ አላወረደውም። ለውሃው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው፤ ወገቡን እያመመው። እባክሽ፣ ውሃው እንዴት እንደሚጣራ ጻፊለት። «ሳታውቁ ነው» ብለሽ ግን አታጽናኚው። እኔ እንዲያ ብዬ ላጽናናው ሞክሬ ነበር። «ልጄን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ለመጠየቅ አፍሬ ነው» አለኝ።

ወንዙ ጠርቶ አንቺን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ