ስኪ የተንሸራተትኩበት ዓርብ

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ኻርቱም ውስጥ ከእኔ በፊት በስኪ የተንሸራተተ ሀበሻ የለም። ይጻፍ።

…እሺ፣ እኔም ገና ነኝ። ዓርብ ነው የምሞክረው። ግን ከአሁኑ ቢጻፍ ምን አለበት? ደብተሩ የራሴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማግዲ ከአገር የሚወጡ ፈረንጆችን ዕቃ ይገዛና ሳሃፋ ባለው ሱቁ ይሸጣል። ጫኙም አውራጁም እኔ ነኝ። ዛሬ ከፍሪጅና ከምንጣፍ ጋር ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ነገሮች መጡ፤ አፍንጫቸው ወደ ላይ የተቆለመመ። እንደ ድንጋይ የከበደ ጫማም አላቸው። ማግዲ አገላብጦ አየና፣

«የአልጋ ጎን ነው። እግሩ ጠፍቷል» አለ።

«ያ ማግዲ! ስኪ ነው እንጂ! በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«እኔ? አገሬ ደባርቅ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚህ ነበር።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

ምን ነካኝ? ስኪ ያየሁት ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም ቢሆን… ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ኻርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ የማታው ክፍል፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ። አስተማሪያችን ሰብለ «በየቀኑ ጻፉ፣ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል» አለችን። ይኸው።

ማግዲ አመነኝ። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ሴቶች ልጆቹን ይዞ ከከተማ ውጭ አሸዋው ጋ ሊወስደኝ ነው። «ታሳያቸዋለህ፣ ኢንሻላህ።» ለልጆቹም ደውሎ ነገራቸው። አፌን…

ሐሙስ፣ ጥር 20

ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከኡምዱርማን በስተምዕራብ ቤት የሚያክል የአሸዋ ክምር አለ። ማንም ሳያየኝ ወድቄ ወድቄ ልጨርስ።

ለእህቴ ለእትዬ ሙላቷ አልነገርኳትም። እንዴት ልንገራት? ስለ አስፋው መጻፍ አልወድም… ግን። ታናሻችን። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዓርብ ቀን፣ ሥራ ልሂድ ብሎ ወጣ። ስልኩ ተዘጋ። ወደ ሊቢያ በሚሄድ የበረሃ ሎሪ ላይ ተሳፍሮ ታይቷል አሉን። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እህቴ ዓርብ ለቅዳሜ አትተኛም። እኔንም ያን መንገድ እንዳልረግጥ አስምላኛለች።

እኔ ደግሞ የምሄደው ለጨዋታ ነው። ማታ ቤት ነኝ። ምን አስጨነቃት?

የሰሊጥ ዘይት ገዛሁ፣ ግመል ከሚዞርበት መጭመቂያ። የስኪውን ሥር ይቀቡታል ሲባል ሰምቻለሁ። ዘይት የማያንሸራትተው ነገር አለ?

ዓርብ፣ ጥር 21

ደህና ነኝ። ቤት ነኝ። ነገ እጽፋለሁ። እትዬ ቀኝ እጄን ይዛ አለቅም ብላለች፣ ይህን በግራዬ ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። ሥራ የለም። ልጻፍ።

ትናንት ጠዋት ከኡምዱርማን ጫፍ፣ የበረሃ ሎሪዎች ከሚነሱበት ገበያ ሎሪ ላይ ወጣሁ። ስኪው በጆንያ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ራሴን በሻል ጥምጥም። ሾፌሩን «አሸዋው ጋ ጣለኝ» አልኩት። «እዚያ ምን አለ?» «ሥራ።» ሳቀብኝ። ስደርስ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ።

ክምሩን ወጣሁ። ከሩቅ ቤት ያህላል፣ ሲወጡት ግን የሰባት ቤት ደረጃ ነው። ስኪውን በዘይት አጠጣሁት። ጫማውን አሰርኩ። ቆምኩ… አልሄደም። ገፋሁ… አልሄደም። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ አሸዋው ሥሩ ላይ ተለጥፎ ስኪው ዱቄት ለብሶ መጥበሻ የሚጠብቅ የአባይ ዓሣ መስሏል። በጉልበት ስታገል ጫማው ተላቀቀና እኔ ቁልቁል ሄድኩ፣ ስኪው እዚያው ቀረ። በአፍንጫዬ ነው የደረስኩት።

ቀና ስል አራት ግመልና አንድ ሽማግሌ። ዓም አብደልሙንዒም ይባላሉ፤ ዓም አጎት ማለት ነው።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም። እየተንሸራተትኩ ነው።»

«አላየሁም።»

«ገና ነኝ፣ ያ ዓም።»

ክምሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልትወርድ ከሆነ ለምን ወጣህ?»

ወጥቼ ስኪውን ሳወርደው ተቀብለውኝ አሸተቱ።

«ሲምሲም፣ ሰሊጥ ነው? ለፉል የሚሆነውን! አንተ ሰው፣ እናትህ ሳህን አሳጥባህ አታውቅም? እኛ በረሃ ውስጥ የቅባት ሳህን በምን የምናጥብ ይመስልሃል?»

ጨብጠው አሳዩኝ፤ ደረቅ አሸዋ። ቁጭ ብለን ሁለታችንም ፈተግን። የሻሌ ግማሽ አለቀ። ሥሩ እንደ መስታወት ሆነ። ሽማግሌው ግመሎቻቸውን እየነዱ ሄዱ፣ «ወድቀህ ብትሰበር በማታ ስመለስ አነሳሃለሁ» ብለው።

ከዚያ ብቻዬን ሆንኩ። ወጣሁ። ቆምኩ። ስኪው… ሄደ! እግሬን ይዞ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ጮህኩ፣ ማን ይሰማኛል? ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ ከላይ እስከ ታች ቆሜ ወረድኩ። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ። አስራ አንዴ ሞክሬ ነው፣ ሰባቱን ተዉት። «ሀይሉ፣ ያንን አንሳ» የሚል የለም። «ሀይሉ፣ ይህን አስቀምጥ» የሚል የለም። በሕይወቴ ዕቃ ሳልሸከም ተራራ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። …ስኪውን ሳይቆጥር።

አስራ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ።

ዓም አብደልሙንዒም ቃላቸውን ጠበቁ። እየሳቁ ግመል ላይ ሰቀሉኝ፣ አስፋልት ድረስ። ከዚያ ዓርብ ነው፣ መኪና የለም። ስንቱን ለምኜ፣ በመጨረሻ እዚህ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ፣ ሰፈሬ ሐጅ ዩሱፍ የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

የግቢያችን በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ብዙ ጫማ። ማን ሞተ? አስፋው? ወሬ መጣ?

ከውስጥ የእጅጋየሁ ድምፅ ተሰማኝ። እዚያ የሎሪ ገበያ ላይ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ ስልሽ። ሁለት ጀሪካን፣ ራሱን ጠምጥሞ፣ ጆንያ ይዞ። ብጠራውም አልሰማኝ። አይዞሽ ሙላቷ… ቀባጣሪ ቢሆንም ልቡ ንጹሕ ነበር።»

ያኔ ገባኝ። ሁለት ጀሪካን፣ ጥምጥም፣ የበረሃ ሎሪ፣ የተዘጋ ስልክ። በዓርብ ቀን። የትኛው ሀበሻ ሌላ ነገር ያስባል? እኔስ ራሴን ባየው ምን እላለሁ?

«ነበር?» አልኩ ከበሩ።

መጀመሪያ ያየችኝ በኺታ ናት፣ ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን። ትሪውን ጣለችው። «ሀይሉ! ሐምደላ ዐሰላማ! ሐምደላ ዐሰላማ!» እግዜር ይመስገን፣ በደህና መጣህ ማለቷ ነው። እትዬ ሙላቷ ምንጣፉ መሃል ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፣ ዓይኗ ደርቋል። ያ ይብሳል። ተነሳች። መጣች። በጥፊ አለችኝ። ደገመችኝ። በሁለተኛው ከፀጉሬ አሸዋ ረገፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስኪ… እትዬ፣ ስኪ ነው።»

«ምን?»

«መንሸራተቻ። አሸዋ ላይ። ለመጫወት።»

ከዚያ እጅጋየሁ ፈነዳች፣ ሳቅ። «ለመጫወት! እኔ ደረቴን የደቃሁት ይህ ዕቃ ተሸካሚ ሊጫወት ሄዶ ነው!» ሴቶቹ ተከተሉ። እህቴ ግን አልሳቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ጆሮዬን ትጠርግ ጀመር፣ እንደ ሕፃን፣ ሰው ሁሉ እያየ። «ሰሊጥ ሰሊጥ ትሸታለህ» አለች። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

በኺታ «ካራማ!» አለች። እዚህ አገር ሰው ከክፉ ነገር ሲተርፍ ጎረቤት ይበላል። ዶሮዋን ራሷ ይዛ መጣች። ለማጽናኛ የተጣደው ሩዝ ለምስጋና ተበላ። እኔ በአንድ እግር ቆሜ አራቱን ቁልቁለት ተረክሁላቸው። ሰባቱንም… አስገደዱኝ።

ሌሊቱን እትዬ ተኛች። ዓርብ ለቅዳሜ! እጄን እንደያዘች አንኮራፋች። እንዲህ ያማረ ማንኮራፋት ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 24

እያነከስኩ ሥራ ገባሁ። ለማግዲ ተናዘዝኩ። ደባርቅ ውስጥ በስኪ ትምህርት ቤት አልሄድኩም አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፣ ፍሪጅ እየወለወለ። «ዓምና አድራሻ አንብብልኝ ስልህ መነጽሬን ረሳሁ አላልክም? መነጽር የለህም።»

«ታዲያ ለምን ወላሂ አሰኘኸኝ?»

«ልጆቼ ወደዱት። ያላ፣ ያን ጫፍ ያዝ።»

ሐሙስ፣ ጥር 27

እብጠቱ ጎደለ። ነገ ከማግዲና ከልጆቹ ጋር ወደ አሸዋው። እትዬም «መኪናው ውስጥ ቦታ ካለ» አለች። ምዕራብ ኡምዱርማንን ሰባት ሳምንት ሙሉ አስፋውን ስትፈልግ ዞራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን እንኳ ወደዚያ አዙራ አታውቅም። ነገ ልትሄድ ነው። ምሳ እየቋጠረች ነው።

ቅድም ሽንኩርት እየላጠች እንዲህ አለችኝ፣ «ከበሩ ስትገባ ለአንድ አፍታ አስፋውን መሰልከኝ። ከዚያ አንተ ሆንክ።»

«ከፋሽ?»

«አልከፋኝም። ከዚያ መንገድ ሰው ሲመለስ አየሁ። ሦስት ዓመት አንድም አላየሁም ነበር።»

ከዚያ ይህን ደብተር አስነበበችኝ፣ ከማክሰኞው ጀምሮ። ዓሣው ላይ ሳቀች። ሽማግሌው ላይ ሳቀች፣ ሽንኩርቱን እስክትጥል። እኔም እንደ ሰብለ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ነጥቡን እየጠበቅሁ አነበብኩ። ግን አንድ መስመር ላይ ድምፄ ወረደ። እሷ አላስተዋለችም።

አራቱ ቁልቁለት እውነት ነው። ግመሉም። ጥፊውም ሁለት ነው።

ስልኩ ግን ባትሪ አልጨረሰም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሦስት ጊዜ ደወለች፣ ስሟን አየሁት። ያቺን አንዲት ቀን ማንም አይጥራኝ ብዬ ነው… ሌላ ምክንያት የለኝም። ሦስት ዓመት ወደ አስፋው የተዘጋ ስልክ የምትደውል ሴት እንደሆነች እያወቅሁ።

ይኸው ተጻፈ። ቀለለኝ።

ማታ ከራት በኋላ ድገምልኝ ብላለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ገጽ ብዘለው አታውቅም። አልዘለውም።