ደቦ በመስታወት ውስጥ

ጎንደር፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

አጎቴ አያ ደሴ ገብሱን አጭዶ ጨርሶ ዛሬ ከኮሶዬ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን የመስታወት ቁራጭ አነሳት። ውጭ አገር ስማር በሌዘር የሠራኋት ናት፤ መሃል ሆዷ ውስጥ ነጭ ነጥብ አለ። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋትና፣ «ሸጋ ናት። ምነው ከላይ ጭረት የላትም? ነጥቡ በየት ገባ?» አለኝ።

ይህንኑ ነው ነገ ለትምህርት ክፍላችን መምህራን የማስረዳው። ለእሱ ግን ያ ሁሉ ቀመር ምን ያደርግለታል!

«አንዲት የብርሃን ቅንጣት ብቻዋን መስታወቱን ምንም አታደርገውም፤ አልፋው ትሄዳለች» አልኩት። «የሌዘሩ ምት ግን ከቅጽበትም እጅግ ያጠረ ነው። ብዙ ቅንጣቶች እኩል ደርሰው አንድ ቦታ ላይ ይረባረባሉ። መስታወቱ የሚሸነፈው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው።»

«በደቦ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

በደቦ! ሰሞኑን አማርኛ አጣሁለት ብዬ ስበሳጭበት የከረምኩት ነገር።

«ታዲያ መሣሪያው እዚህ አለ?»

«የለም፣ አያ። ውድ ነው። ዩኒቨርሲቲያችንን ደጋግሜ ጠይቄ አይሆንም አሉኝ።»

«ማን ማን ሆናችሁ ጠየቃችሁ?»

«ብቻዬን።»

መስታወቷን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየት አደረጋት። «ደቦ እኮ ካልጠሩት አይመጣም» አለኝ።

እሱ አረፍ ሲል የነገውን ንግግሬን አወጣሁት። መጨረሻው ላይ «መሣሪያው እንዲገዛ እጠይቃለሁ» ይል ነበር። «እጠይቃለሁ» የሚለውን ሰርዤ «አብረን እንጠይቅ» ብዬ ጻፍኩ።