የእማማ ማንተግቦሽ መርዶ የዘገየበት ምክንያት

ለምወድሽ እህቴ ለመታሰቢያ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የባለቤትሽ የጋሼ ቶማስ ወገብ ተሻለው ወይ? የእማዬ ጉልበትስ ሁዳዴውን እንዴት ቻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ከአካሌ በቀር ደህና የሆነ ነገር ግን የለኝም። ይህን ስታነቢ እማዬ አጠገብሽ ካለች ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።

ጎረቤትሽ ገብረጻድቃን በአቦ ዕለት ማረፉን ደውለሽ ስትነግሪኝ፣ እናቱ እማማ ማንተግቦሽ እዚህ ሜልቦርን ናቸውና ሳትውዪ ሳታድሪ ለሽማግሌዎች ነግረሽ በወጉ ይረዱ ብለሽ አደራ ሰጥተሽኝ ነበር። እሳቸው የተረዱት ልጃቸው በሞተ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ለምን ዘገየ ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ ወሬ አስቀየርኩሽ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

ከዶሮ ፋብሪካ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያዝኩ ብዬሽ የለም? ሥራው እንዲህ ነው። ዶክተር ሄለን የምትባል ሴት ስለ ሰው ጤናና ኑሮ የሚጠይቅ ፎርም አላት። ደረጃ ለመውጣት ይቸገራሉ ወይ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ደስተኛ ነበሩ የሚል ሠላሳ ጥያቄ። ወደ አማርኛ የመለስነው ፎርም የሚታመን መሆኑ የሚታወቀው ያንኑ ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ጠይቀን መልሱ ሲመሳሰል ነው። ሁለት ሳምንት የመለሱትን ለመርሳት ይበቃል፣ ኑሮ ለመለወጥ ግን አይበቃም ይላሉ። በመካከሉ ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ይሰረዛል። እስከ መጋቢት መጨረሻ አርባ ሽማግሌና አሮጊት ካሟላሁ ፐርማነንት፣ ማለት ቋሚ ሠራተኛ፣ ያደርጉኛል፤ ካላሟላሁ ወደ ዶሮዬ እመለሳለሁ። አርባኛዋ እማማ ማንተግቦሽ ነበሩ። በልደታ ማግስት አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ቀጠሯችን ለኪዳነ ምሕረት ነበር። ሌላ ሰው ፈልጌ ከመጀመሪያው ለመጀመር ቀኑ አልፎብኝ ነበር።

ስለዚህ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ በዳሳ ዘንድ ሄጄ፣ የእማማ ደም ብዛት ከፍ ብሏል፣ ሐኪማቸው እስከ መጋቢት ዐሥራ ሰባት ድረስ እንዳታስደነግጧቸው ብሏል አልኳቸው። ሐኪም የሚባል ነገር አልነበረም። በእኛ ዘንድ መርዶ ማቆየት እንደ ርኅራኄ ይቆጠራልና ማንም አልጠረጠረኝም። እንዲያውም ተባረኪ ተባልኩ።

በኪዳነ ምሕረት ዓይኔን በጨው ታጥቤ ካርልተን ፎቃቸው ላይ ወጣሁ። የሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝና በላሁ። ገብረጻድቃን ለፋሲካ ቪዛው ይደርስለታል ብለው አልጋ አንጥፈውለት ኖሯል፤ አዲሱን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ አሳዩኝ። ያምራል አልኳቸው። ምን ያህል ጊዜ ደስተኛ ነበሩ ስላቸው፣ «ሁልጊዜ በዪ፤ ምን ጎደለኝ?» አሉ። «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ፤ አንቺን ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል? ሄለን ሁለቱን ፎርም አስተያይታ፣ ከአርባው ሁሉ እንደ እሳቸው መልሱ የተስማማ የለም ብላ አመሰገነችኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹና ቄሱ ገብተው አረዷቸው። ከሁሉ ቀድሜ ደረቴን የደቃሁ እኔ ነኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ የሚሉት እኔን ነው። በሠልስቱ ከሜልተን የመጣ ለቀስተኛ፣ ልጁ ያረፈው በአቦ እኮ ነው ብሎ አወራ። እማማ ፊደል አይለዩም፣ ቀን ግን በታቦት ይቆጥራሉ። ጣታቸውን አጥፈው ዘረጉና ሣህን ከምሰበስብበት ጠሩኝ። ጋሼ በዳሳ ሐኪሙ ነው ያስቆየን ቢሉ፣ ከገና ወዲህ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በኪዳነ ምሕረት ስትመጪ ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ።

«እንግዲያው አሁንም ጠይቂኝ» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ያያል። ልሸሽ ስል እጄን ያዙኝ። ፎርሙን በቃሌ አውቀዋለሁና፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ደስተኛ ነበሩ አልኩ። «ልጄ አፈር ከገባ በኋላ አልጋ ሳነጥፍለት፣ ስስቅለት ከረምኩ። እሱን ጻፊ» አሉ። ሠላሳውንም አስጠየቁኝ፤ አንዱን ብዘል መልሰው አስያዙኝ። ሲያበቃ ሽማግሌዎቹን፣ የዚህችን የእናቷ ቀን ሲደርስ መርዶዋን ለእኔ ተዉልኝ፣ ሲመቸኝ እነግራታለሁ አሏቸው። ጋሼ በዳሳ አንገታቸውን ደፉ። አንድም ሰው ኧረ ይተዉ አላላቸውም።

ፐርማነንት አድርገውኛል። ለሄለን እማማ ይሰረዙ አላልኳትም፤ ይህንንም እወቂብኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ዝም ባሉኝ ቁጥር እማዬ ምን ሆና ነው የሚደብቁኝ እላለሁ። የጥቅምቱንና የየካቲቱን ደብዳቤሽን ጎን ለጎን አድርጌ አስተያየኋቸው። ስለ እማዬ የጻፍሽው ቃል በቃል አንድ ነው።

ጋሼ ቶማስን እግዜር ይማርህ በዪልኝ። ልጆቹን፣ መሰረትንና የአምላክን፣ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለእትዬ ፍቅርተማርያም እጅ ነስቻለሁ። ለእማዬ ሰላምታ አልልክም፤ በዚህ እሑድ ቴሌ ወስደሽ አገናኚኝ። ስለ ጤናዋ አልጠይቃትም። ስሜን ብቻ ትጥራው።

እህትሽ እየሩ

ኬንሲንግተን፣ ሜልቦርን
መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.