የሰባት ቁጥሯ ጦጣ ደም

ኅዳር 9፣ ጧት 2 ሰዓት
ዛሬም ሁለት ጦጣ። ቁ. 31 እና ቁ. 32። አንዷ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። ደም ቀዳሁ፣ ጆሯቸው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ለቀቅሁ። በወጥመድ የሚይዙልኝ አያ ይመር ናቸው፤ ከወሎ ለአጨዳ መጥተው ማሽላ ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ሌባ ይዤ ባስረክበው ደሙን ቀድቶ ይፈታዋል እያሉ ለሰው ሁሉ ያሙኛል።

ምሳ ብቻዬን። እቴ ዘነቡ በምግብ ቤቷ ሳህኔን ለይታዋለች፤ ጠርዙ ላይ በሚስማር ምልክት ጭራበታለች። አዲሱ በሽታ ከጦጣ ነው የሚለው ወሬ መተማም ደርሷል። አልፈርድባትም። ግን ከፋኝ።

ኅዳር 10
ሙቀት። ላምባ ከሸሕዲ አልመጣም፣ ማቀዝቀዣው ሊጠፋ ነው። የሚያናግረኝ የለም፣ ደብተሬ፣ አንተን ላድክምህ። እነዚህ ጦጣዎች የዚያ አዲሱ የሰው በሽታ ቫይረስ ዘመድ አለባቸው፤ ግን አይታመሙም። አ.አ. ያለው አለቃዬ ዶ/ሩ ምክንያቱን ይፈልጋል። ቫይረሱ ከላይ የለበሰው ፕሮቲን አለ፣ ሴል ውስጥ የሚገባው በእሱ ነው። ደማቸው ውስጥ እዚያ ላይ ተለጥፎ ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ይኖር ይሆን? እኔ እቀዳለሁ፣ ዶ/ሩ ውጭ አገር ይልካል። ይኸው ነው ሥራዬ። ዓመት ከመንፈቅ።

ኅዳር 12፣ ቀን 6 ሰዓት
ደብዳቤ! ከላክሁት ሁሉ የአንዷ፣ የቁ. 7፣ ሴረም፣ ከደሟ የተለየው ውሃ፣ ቫይረሱን አምክኖታል። የሌሎቹ ምንም። ዶ/ሩ በገዛ እጁ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጽፏል። ውጤት ከተገኘ እንዳለኝ ዝውውሬ ይፈረማል፤ ለገና ጎንደር፣ ቤቴ! ልጄን አቅፌ አላውቅም። ስመጣ አልተወለደችም፣ አሁን ግድግዳ ይዛ ትቆማለች አሉ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ አያ ይመር እባብ የነከሰኝ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ። ደብዳቤውን ባመጣው አውቶቡስ ለባለቤቴ ለፀሐይ ላክሁላት፦ ለገና እመጣለሁ።

ኅዳር 13
ቁ. 7። ያን ጊዜ ያልነገርሁህ ነገር አለ።

ግንቦት ነበር። አልኮል አልቋል፣ የተጣራ ውሃ የለም፣ የወንዙ ጭቃ ነው። ብልቃጦቹን በእቴ ዘነቡ ዳግም አረቄ አለቀለቅሁ። እዚህ ሰው ቁስሉንም ጥርሱንም በእሱ ነው የሚያክመው፤ ነውር አልመሰለኝም። ስድስቱን ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። ሰባተኛው ሳይደርቅ አውቶቡሱ ሊሄድ ሆነ። የቁ. 7ን ሴረም እርጥቡ ላይ ገለበጥሁት።

አረቄም ቫይረስ ይገድላል። ቫይረሱ የመከነው በደሟ ይሁን በአረቄው፣ አላውቅም።

ኅዳር 15
ዝም ብልስ? ማንም አያውቅ። ደግሞ ምናልባት ደሟ ነው። ምናልባት!

ግን ዶ/ሩ የከርሞውን ሥራ ሁሉ በእሷ ደም ላይ ሊመሠርት ነው። ክትባት እያለ ያልማል፣ ምስኪን። ከተናገርሁ እንደገና መያዝ፣ መቅዳት፣ መላክ፣ መጠበቅ። ሌላ ክረምት እዚህ። ከዚያ ሳህን ጋር።

ለአያ ይመር አወራኋቸው፣ ሁሉንም። ያች ጦጣ አለች ወይ አልኋቸው። «ወላሂ አለች እንጂ! ጆሮዋ ሸራፋ፣ ሆዷ የእኔ ማሽላ» አሉ። ቆይተው የራሳቸውን ልጆች ካዩ አራት አጨዳ እንዳለፈ ነገሩኝ። ወጥመዱን ሊጠግኑ ሄዱ።

ኅዳር 17፣ ጧት 1 ሰዓት
ለዶ/ሩ ጻፍሁ። ግማሽ ገጽ። አረቄውን፣ እርጥቡን ብልቃጥ፣ የደበቅሁበትን ጊዜ። ቁ. 7 እንደገና ትቀዳ፣ ዝውውሬ ይቆይ ብዬ ፈረምሁ። ለሹፌሩ ሰጠሁት፤ አሁን ቢጸጽተኝም አይመለስ።

የባለቤቴን ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁ። እስቲ አንተ ላይ ልሞክረው፣ ደብተሬ። ውድ ፀሐይ፣ ለገና አልመጣም። ልጃችንን ንገሪያት፣ አባትሽ