ቬቶ ያልኩት እኔ ነኝ

ውድ አባ ሂያሲንት፣

ከዋርሶ ተመልሻለሁ። ደክሞኛል። ስድስት ሳምንት በእንደራሴዎች ጉባኤ ስጨቃጨቅ ከርሜ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ምን ሆነህ ነው እንኳ አላለችኝም፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እርስዎ ጋ ሳይደርስ ከራሴ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

«ቬቶ»ን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። በላቲን «እከለክላለሁ» ማለት ነው ብለው፣ በጥንት ሮም የተራው ሕዝብ ጠበቃ ከመኳንንቱ ሸንጎ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ እንደነበር፣ ሕዝቡን የሚጎዳ ሕግ ሲመጣ ይህችን ቃል ተናግሮ ያስቆም እንደነበር ነገሩን። «ጉልበት ለሌለው የተሰጠች ቃል ናት፤ አታባክኗት» አሉን። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር የወጣሁት።

የእኛን አገር ልማድ ደግሞ ያውቁታል። አንድ እንደራሴ ከከለከለ የጠላው ሕግ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ጉባኤው ያጸደቀው ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

በጉባኤው መጨረሻ ቀን ጌታ ዝቢሮቭስኪ በማለዳ አስጠሩኝ። የምኖርበት መሬት የሳቸው ነው። ጉባኤው ያወጣውን የጨው ቀረጥ ሕግ አልወደዱትም።

«ዛሬ ትከለክላለህ» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ የድንበሩ ጦርም ይቀራል እኮ። መምህሬ እዚያ ናቸው።»

«መምህርህ ይጸልዩ። አንተ ልጆችህን የት እንደምታሳድር አስብ።»

ጉባኤው መሀል ተነሥቼ «ቬቶ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንደራሴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያንተ ቃል ነው ወይስ የጌታህ?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲህ ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች» ብለው ቆባቸውን አድርገው ወጡ። አፍሬያለሁ፣ አባ።

ስለዚህ ለከተማችሁ ለቦሮዌክ የተፈቀዱት ሦስት መቶ ወታደሮች አይመጡም። ወንዙ በረዶ ሲሆን ወራሪዎቹ ታታሮች ይሻገራሉ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ወንድሜ ነገ ሦስት ሠረገላ ይዞ ይነሣል። ተማሪዎቹን ይዘው ይምጡ፤ ጠበበም ሰፋም ቤቴ ትገባላችሁ። መጻሕፍቱን ግን ይተዉዋቸው። እነሱን እጭናለሁ ሲሉ እንዳይዘገዩ እሰጋለሁ።

ከተማውን በሙሉ ሦስት ሠረገላ አይችለውም። የሚቀሩት ሰዎች ከበው ወታደሩ ለምን ቀረ ብለው ይጠይቁዎታል። እንደ ልጅነቴ አይሸፍኑልኝ። ስሜን ይንገሯቸው፤ ከነአባቴ ስም እጽፍልዎታለሁ፣

ካስፐር፣ የማርቺን ሩድኒትስኪ ልጅ