የሰርዶን ተዳፋት ወይን ጠማቂ፣ ሙሴ አንቴልም ግሮቦን (1938–2022)

ሙሴ አንቴልም ግሮቦን ከአባታቸው ከሙሴ ክላውዲዩስ ግሮቦንና ከእናታቸው ከማዳም ፊሎሜን ረይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1938 በፈረንሳይ አገር፣ በቡዤ ተራሮች፣ በሰርዶን መንደር ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት እኔ፣ በሁለት ዓመት የማንሳቸው ታናሽ ወንድማቸው ፊርማን ነኝ። ልጃቸው ሶላንዥ «አጎቴ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቃቸው የለምና ይጻፉልን» ብላ ለምናኝ ነው።

እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው በመንደሩ ትምህርት ቤት ተማሩ። መምህሩ ወደ ከተማ ሄደው እንዲቀጥሉ ቢመክሩም፣ አባታችን በመታመማቸው ወደ ወይኑ ማሳ ገቡ። ዝናብ ያወረደውን አፈር በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን ሽቅብ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። በአልጄሪያ ሃያ ሰባት ወር በወታደርነት አገልግለው በ1961 ተመለሱ፤ ስለዚያ ግን አያወሩም ነበር። በ1964 ከማዳም ኦዴት ኮምቤ ጋር ጋብቻ መሥርተው በዓመቱ ሶላንዥን ወለዱ።

የኛ አገር ወይን ስኳሩ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። እዚያው ሆኖ መብላላቱን ይቀጥላል፤ አረፋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥቂት ቀን የቸኮለ ሰው ጠርሙሱ ይፈነዳበታል። ወንድሜ ትክክለኛውን ቀን በምላሳቸው ያውቁ ነበር፤ ጎረቤት የተጠራጠረ እንደሆነ «አንቴልም ይቅመሰው» ይባል ነበር።

በ1973 ግን ቸኮሉ። ወይኑ ለሶላንዥ የመጀመሪያ ቁርባን እንዲደርስላቸው ፈልገው ነበር። በሚያዝያ፣ ቀኑ ሞቅ ባለበት፣ ሁለታችን ጠርሙሶቹ ወደተደረደሩበት ምድር ቤት ልንወርድ ስንል፣ ጠርሙስ ቢፈነዳ ፊትን የሚከልለውን የሽቦ ጭንብል አጠለቅሁ።

«ማር ልትቆርጥ ነው እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። «አውልቀው ባክህ፤ ጠርሙስ ምን ያደርገኛል ብለህ ነው?»

አውልቄ ወረድኩ። ሦስተኛው ረድፍ ጋ ስንደርስ አንዱ ፈነዳ። ግራ ዓይኔ ጠፋ።

አዝለው እስከ መንገድ አወጡኝ። ከሆስፒታል ስመለስ ግን ፊቴን ማየት አቃታቸው፤ ይቅርታም አልጠየቁኝም። እኔም አኩርፌ ወደ ኦዮና ከተማ ሄድኩና ማበጠሪያ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ከዚያ ወዲህ በሰርግም በቀብርም ስንገናኝ ራሳችንን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም።

ወንድሜ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ማንንም ሰው ወደዚያ ምድር ቤት አላስወረዱም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ሠሩ። ሶላንዥ ሙያውን ልማር ብላ ስትለምናቸው «ከበሩ እንዳታልፊ» አሏት። እንዲህ ሆኖ ሙያቸው ወራሽ አጣ፤ ጉልበታቸው ሲደክም በ2004 ሥራውን አቆሙ፤ ማሳውንም ዛሬ ቁጥቋጦ ውጦታል። ባለቤታቸውን ማዳም ኦዴትን በ2011 በሞት ተነጠቁ።

በጥቅምት 2019 በአውቶቡስ ኦዮና ድረስ መጥተው ቤቴን አንኳኩ።

«ፊርማን፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ውስጥ እንዳለህ አውቃለሁ። ጭንብሉን ያስወለቅኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከበሩ ጀርባ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ነበር። አልከፈትኩም። የመመለሻው አውቶቡስ እስኪደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቆይተው ሄዱ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ እከፍታለሁ ብዬ ነበር፤ ተመልሰው አልመጡም።

በ2021 የጸደይ ወራት ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተዘጋ፤ ሰውም መለየት ተሳናቸው። እሁድ እሁድ እየሄድኩ አልጋቸው አጠገብ እቀመጥ ነበር። «አንቴልም፣ እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ» እላቸው ነበር። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።

ሙሴ አንቴልም ኅዳር 11 ቀን 2022 በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበላት። ለእኛ ለቀረነውም፣ ሰሚው በሕይወት ሳለ የምንናገርበትን ድፍረት ይስጠን።