ካሶኒው የተነሣ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ምስክር፤

ሰላምታዬ ከቀየት ብርድ ወጥቶ እስከ ሠመራ ሙቀት ሳይቀልጥ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ የሰው መኪና ስትነዳ ባሰብህ? ወለተኪዳንስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ማዕረግ ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ አባባም ጉልበታቸውን ከማማረር በቀር ደህና ናቸው። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ በጎቹም ወልደዋል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። እስክትጨርሰው ታገሠኝ፤ አብሮት የመጣውን የጨርቅ ቋጠሮም አሁን አትፍታው።

ነገሩ የመኪናችን ነው። አንተ ተቀይመህ ከሄድክ ወዲህ ከጽዱ ሥር ቆማ ዶሮ እየፈለፈለባት ነበር። በቀደም ከመሐል ሜዳ ቆራሌው መጥቶ ለብረቷ ሲደራደር አባባ ሊሰጡት ተቃረቡ። እኔ ግን አንድ ነገር ሳላውቅ አትሄድም ብዬ አስቸገርኩ። ሜዳውን እንደ ፈረስ የምትጋልብ መኪና የጓሳን አቀበት ስትጀምር ለምን ትሞታለች? ጥቂት ካረፈች በኋላስ ምን አግኝታ ትነሣለች? አባባ፣ ምስክር በጥድፊያ ነድቶ ሞተሯን ገደላት ብለው ፈርደውብሃል፤ ጎረቤቱ ዓይን ነው አለ፤ እማዬም ጠበል ረጨቻት። እኔ አንዱም አልተዋጠልኝም። አባባ ንዝንዜ ሲሰለቻቸው፣ በይ እዪና ከዚያ ትሸጣለች አሉኝ።

ቸሩ የሚባል መካኒክ ከመሐል ሜዳ አስመጣሁ። ባትሪ ተውሶ ቢያስነሣት ተነሣች፤ ነዳጅ አጥብቆ ሲረግጥባት ግን ሞተች፤ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ነዳጅ ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ችግሩ ከነዳጁ ታንክ ነው አለ። ነዳጅ የሚስበው ቱቦ የሚወጣበት የታንኩ መክፈቻ ደግሞ ከላይ ሆኖ ካሶኒው፣ ጭነት የሚጫንበት ሳጥኗ፣ ተጭኖበታል። የካሶኒውን ብሎኖች ብታያቸው የዝገት እባጭ እንጂ ብሎን አይመስሉም። ናፍጣ አጠጥተን አሳደርናቸው። ሁለቱ እሺ አሉ፤ የቀሩትን በብረት መጋዝ ስንገዘግዝ ዋልን። እማዬ ፀጉሬ በዝገት ቀልቶ ብታይ ሂና የተቀባሁ መስሏት ሳቀች።

ቸሩ ካሶኒውን የሚያነሣ ማሽን ከየት ይመጣል ብሎ ሲጨነቅ አባባ ሳቁበት። የሚካኤል ማኅበርተኞች ጠላቸውን ጠጥተው ሲያበቁ መጡ። በበዓል ሥራ ነው፣ አይደለም ተብሎ ጥቂት ክርክር ተነሣ፤ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ሸክም ማገዝ ጽድቅ ነው ብለው ገላገሏቸው። ከዚያ የጎጆ ጣሪያ ከነሣሩ ከቦታ ቦታ እንደሚያዛውሩት ዙሪያውን ከበው በትከሻቸው ገቡበት። አንድ ጊዜ ሆ! ሲሉ ካሶኒው ተነሣ።

ከሥሩ ምን እንዳየሁ ልንገርህ? ታንኩ ላይ በተከማቸው አፈር ገብስ በቅሏል! ለስንት ገበያ ስናመላልስ የፈሰሰው ገብስ ፀሐይ ሳያይ ነጥቶ ቆሟል። እሱን አፍጥጬ ሳይ ቸሩ ነዳጅ የሚስበውን ቱቦ መዘዘው፤ ጫፉ ላይ ግራጫ ነገር ተጠምጥሟል። የሞተ አይጥ መስሎኝ ሸሸሁ። ጨምቆ ሲዘረጋው የበግ ፀጉር ሆኖ ተገኘ።

የታንኩ ክዳን ከጠፋ ጀምሮ አባባ የእንስራ አፍ እንደሚወተፍ በጎን ያለውን የነዳጅ መሙያ ቀዳዳ በበግ ፀጉር ይወትፉት እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ከላይ ያለውን ውታፍ ሁላችንም አይተናል፤ እየሰመጠ ውስጥ የቀረውን ግን ማን አየው? ነዳጅ የሚሞሉት እንደሆነ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጄሪካኑን እንኳ ከአልጋቸው ሥር ነበር የሚያኖሩት። ቸሩ እንዳስረዳን፣ አቀበት ላይ ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ ፀጉሩ የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል፤ መኪናዋ ስትቆም ደግሞ ይለቀዋል። ወንድሜን ከቤት ያስወጣው ይህ ነው ብዬ አለቀስኩ።

አባባ ፀጉሩን ከቸሩ ተቀብለው አገላበጡት፤ ከዚያ ወደ በጎቹ በረት ሄዱ፤ ራትም አልበሉ። በማግሥቱ ፀጉሩን አጥበው፣ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝና ለወንድምሽ ስትጽፊ ይህን ጨምሪበት አሉኝ። አባት ልጁ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተን አናውቅም፤ አባባ የቻሉት ይህንን ነው። አሁን ቋጠሮውን ፍታው።

ታንኩ ታጥቦ ካሶኒው ተመልሷል። ትናንት ቸሩ እስከ ጓሳ ነዳት፤ አቀበቱን አንዴም ሳታርፍ ወጣችው። ቆራሌውም ባዶ እጁን ተመለሰ። የቀረው የታንኩ ክዳን ብቻ ነው፤ ለጊዜው በላስቲክ አስረነዋል። ቸሩ ከሱቄ አንድ አለኝ፣ ላምጣው ቢል አባባ ተቆጡት። አንተን ማን ጠየቀህ፣ ክዳኑ ለፋሲካ ከሠመራ ይመጣል አሉት።

ወለተኪዳንን በእኔ ስም ሳማት። እማዬ ለማዕረግ የበግ ፀጉር ባና አሠርታለች፤ አልልከውም፣ መጥታ ትልበሰው ትላለች። አባባ ሰላምታ አላዘዙኝም። ይህን ስጽፍ ግን በሩ ላይ ቆመው ሕፃኗ ማንን እንደምትመስል ጠየቁኝ፤ ስትመጣ ያያሉ አልኳቸው።

እኅትህ ትህትና ወዳጆ

ቀየት፣ የካቲት ፲፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.